የሕክምና ስሕተት መንስኤዎችና መከላከያው፦ የሐኪሞች አመለካከትና የገጠር ሆስፒታል እውነታ

መግቢያ

ሕመምተኛ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣው ለመዳን፣ ቢያንስ ሥቃዩ እንዲቀልለት ነው። ይሁን እንጂ ለማዳን የተሰጠው አገልግሎት ራሱ የጉዳት ምክንያት የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ለረጅም ዘመን ይህ ጉዳይ በባለሙያዎች መካከል በሹክሹክታ ሲነገር፣ በአደባባይ ግን ሲሸፈን ኖሯል። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ፣ በዚያች አገር ሆስፒታሎች በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 የሚደርሱ ሰዎች በሕክምና ስሕተት ምክንያት ሕይወታቸውን እንደሚያጡ ከገመተ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች ያወጡት ሌላ ዘገባ ደግሞ፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታሎች ደኅንነቱ ባልተጠበቀ ሕክምና ሳቢያ በዓመት 134 ሚሊዮን ያህል ጉዳቶች እንደሚደርሱና ለ2.6 ሚሊዮን ያህል ሞት አስተዋጽኦ እንደሚያደርጉ አመልክቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐኪሞች ስለ ስሕተት መንስኤና መከላከያ ያላቸውን አመለካከት ማብራራት፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ፣ በተለይም በገጠር ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች፣ ለስሕተት በር የሚከፍቱትን ሁኔታዎች ለይቶ በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ የሚችለውን ማመልከት ነው።

የሕክምና ስሕተት ምንነት

የሕክምና ስሕተት ማለት የታቀደው ሥራ እንደታቀደው አለመፈጸሙ፣ ወይም ዕቅዱ ራሱ ለታሰበው ግብ የማይመጥን መሆኑ ነው። ትክክለኛውን መድኃኒት አዝዞ ለሌላ ሕመምተኛ መስጠት የመጀመሪያው ዓይነት ሲሆን፣ የወባ ሕመም ነው ብሎ የማጅራት ገትርን ሳያክሙ መቅረት የሁለተኛው ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛ፣ ጉዳት ሁሉ የስሕተት ውጤት አይደለም፤ በትክክል የታዘዘና በትክክል የተሰጠ ፔኒሲሊን አስቀድሞ ባልታወቀ አለርጂ ምክንያት ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ስሕተት ሁሉ ጉዳት አያደርስም፤ የተሳሳተው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ሊደረስበት ይችላል። ይህ «ለጥቂት የተረፈ» አጋጣሚ ማንም ሳይጎዳ ትምህርት የሚገኝበት በመሆኑ ከሁሉም የላቀ ዋጋ አለው። ሦስተኛ፣ ስሕተትና ቸልተኝነት አንድ አይደሉም። የሚያውቀውን የሙያ ግዴታ እያወቀ የጣሰ ባለሙያና ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ የሥርዓተ ነጥብ ምልክትን ያሳሳተ ባለሙያ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይችሉም።

የሐኪሞች አመለካከት

ሐኪሞች ስለ ስሕተት የሚሰጡት አስተያየት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ግለሰቡን የሚመለከት ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት ስሕተት የሚመነጨው ከዕውቀት ማነስ፣ ከትኩረት ጉድለትና ከግዴለሽነት ሲሆን፣ መፍትሔውም መገሠጽ፣ መቅጣትና ማስተማር ነው። በአብዛኛው የሕክምና ትምህርት የሚያሳድገው ይህን አመለካከት ነው፤ ጥሩ ሐኪም የማይሳሳት ሐኪም ነው ተብሎ ይታመናልና።

ሁለተኛው አመለካከት አሠራሩን የሚመለከት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ ተቋም ውስጥ ያሉትን መከላከያዎች ቀዳዳ ባላቸው ተደራራቢ የአይብ ቁራጮች መስሏቸዋል። ምሳሌውን ለኢትዮጵያ አንባቢ ለማቅረብ ወንፊትን ማሰብ ይበቃል። አምስት ወንፊት ተደራርቦ ቢያዝ እህሉ ሊያልፍ የሚችለው የሁሉም ቀዳዳ በአንድ መስመር ሲገጣጠም ብቻ ነው። አንዱ ወንፊት ሐኪሙ፣ ሌላው የፋርማሲ ባለሙያው፣ ሌላው ነርሷ፣ ሌላው የካርድ አጻጻፉ፣ ሌላው ራሱ ታካሚው ነው። በመጨረሻው ወንፊት ላይ የቆመው ሰው ስለታየ ብቻ ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ነው ማለት አይቻልም።

ሐኪሞች ራሳቸው መንስኤውን እንዴት እንደሚያዩት ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። በጥናቱ 831 የአሜሪካ ሐኪሞችና 1,207 የኅብረተሰብ ክፍሎች ተጠይቀው፣ ከሐኪሞቹ 35 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 42 በመቶ ያህሉ በራሳቸው ወይም በቤተሰባቸው ላይ የሕክምና ስሕተት እንደ ደረሰ ገልጸዋል። ስለ መንስኤው ሲጠየቁ ሐኪሞቹ ከሁሉ አስቀድመው የጠቀሱት የነርሶችን ቁጥር ማነስ (53 በመቶ) እና የሥራ ብዛትን፣ ጭንቀትንና ድካምን (50 በመቶ) ነበር። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ስሕተቱ ይገለጥ ወይስ አይገለጥ በሚለው ላይ ነው። ከሐኪሞቹ 86 በመቶ የሚሆኑት ከባድ ስሕተቶችን የሚመለከቱ የሆስፒታል ሪፖርቶች በምስጢር መያዝ አለባቸው ሲሉ፣ ከኅብረተሰቡ 62 በመቶው ለሕዝብ ይፋ መሆን አለባቸው ብሏል። ባለሙያው የሚፈራው መወንጀልን ነው፤ ሕዝቡ የሚፈራው መሸፈንን ነው። ማንኛውም የመከላከያ ሥርዓት እነዚህን ሁለት ፍርሃቶች ካላስታረቀ ሊጸና አይችልም።

የገጠር ሆስፒታል ሁኔታ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ከሚዘልቀው መንገድ በስተ ምሥራቅ፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የምትገኘው መርጡለ ማርያም፣ በእቴጌ እሌኒ ዘመን በታነጸው ቤተ ክርስቲያኗ ትታወቃለች። እንዲህ ባለ የምሥራቅ ጎጃም አካባቢ የሕክምና አገልግሎት የሚጀምረው በቀበሌ ጤና ኬላ ከምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ሞጣ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይተላለፋል። መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚሠራው በጠቅላላ ሐኪሞች፣ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ በነርሶችና በአዋላጆች ነው።

ይህ የቅብብል ሥርዓት ለሕዝቡ ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ሕመምተኛው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በተላለፈ ቁጥር አብሮት መተላለፍ የሚገባው መረጃ የሚጠፋበት ወይም የሚዛባበት ዕድል ይጨምራል። ነገሩን ለማስረዳት የሚከተለው ምሳሌ ቀርቧል። ምሳሌው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ እንጂ በአንድ በተለየ ተቋም የደረሰ አይደለም፤ በማንኛውም የገጠር ተቋም ግን ሊደርስ ይችላል።

አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ከባድ ራስ ምታትና የዓይን መጋረድ ይዟት በሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ትመጣለች። የደም ግፊቷ ከፍተኛ፣ በሽንቷም ፕሮቲን ተገኝቷል። ተረኛዋ አዋላጅ ትክክለኛውን ምርመራ አድርጋ፣ ትክክለኛውን የማግኒዝየም ሰልፌት መነሻ መጠን፣ ማለትም 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫ ተከፍሎ በጡንቻ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ትሰጣለች። በሪፈር ወረቀቱም ላይ በእንግሊዝኛ፣ መድኃኒቱ መሰጠቱንና ሰዓቱን «7:00» ብላ ትጽፋለች። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ለማድረስ ሄዶ ስለነበረ፣ ሌሊቱን የጣለው ዝናብም መንገዱን ስላጨቀየው እናቲቱ ሆስፒታል የምትደርሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ተረኛው ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ ሰባት ሰዓት የሚለውን በትምህርት ቤት በለመደው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል። ከጤና ጣቢያው እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ በመሆኑ ምንም ጥርጣሬ አያድርበትም። በየአራት ሰዓቱ የሚሰጠው ቀጣይ መጠን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ እንዲሰጥ ያዝዛል። በእውነቱ ግን ቀጣዩ መጠን መሰጠት የነበረበት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር። እናቲቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሰነፍ ወይም ያልተማረ ባለሙያ የለም። አዋላጇ መድኃኒቱን አውቃ፣ መጠኑን ሳታሳስት ሰጥታለች፤ መዝግባለችም። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቧል፤ በመመሪያው መሠረትም አዝዟል። ከእናቲቱ ጋር የመጡት አማቷ ደግሞ መርፌው የተወጋው ዶሮ ሳይጮኽ መሆኑን በሚገባ ያውቁ ነበር፤ ሆኖም ማንም አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም በሐኪም ፊት ሳይጠየቁ መናገርን ነውር አድርገው ዝም አሉ። ቀጥታ ተጠያቂ ፍለጋ የሚነሣ ኮሚቴ ሐኪሙን ይገሥጽ ይሆናል። ነገር ግን ሰዓት የሚጻፍበት መንገድ እስካልተለወጠ ድረስ፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሐኪም ተመሳሳዩን ስሕተት ይፈጽማል።

በኢትዮጵያ የተለየ ትኩረት የሚሹ መንስኤዎች

የውጭ አገር መጻሕፍት የማይጠቅሷቸው፣ በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ግን በየቀኑ የሚያጋጥሙ የስሕተት ምንጮች አሉ።

ሀ. ሁለት የሰዓት አቆጣጠር። ሕዝቡ ሰዓትን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ካርድና የመድኃኒት መስጫ ቻርት ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ይሞላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት በየስድስት ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት አንድ ሙሉ መጠን ማለት ነው። በተጨማሪም በሕዝቡ አነጋገር ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ሲሆን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሰጠ መድኃኒት በአንዱ ነርስ «የትናንት»፣ በሌላዋ «የዛሬ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ለ. ሁለት የዘመን አቆጣጠር። በቁጥር ብቻ «5/4» ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ አንባቢ ታኅሣሥ 5፣ ለሌላው ኤፕሪል 5 ነው፤ በመካከላቸው አራት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት አለ። የእርግዝና ዕድሜ በዚህ ከተሳሳተ ያልደረሰን ጽንስ እንደደረሰ፣ የደረሰውን ደግሞ እንዳልደረሰ መቁጠር ይመጣል። የመውለጃ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሰላ ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ ስሌቱ ጳጉሜን የሚያቋርጥ ከሆነ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን ይሆናል። ለምሳሌ ጥቅምት 1 ቀን የጀመረ የወር አበባ የመውለጃ ቀኑን ሐምሌ 11፣ ጥር 1 ቀን የጀመረው ደግሞ ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ጥቅምት 6 ያደርገዋል። ለፈረንጅ አቆጣጠር የተዘጋጀውን የ9 ወር ከ7 ቀን ስሌት በኢትዮጵያ ወራት ላይ መጠቀም ስሕተት ነው። የመድኃኒት ማብቂያ ቀንም እንዲሁ ነው። በሣጥኑ ላይ 2024 የሚል ማብቂያ ያለው መድኃኒት በ2017 ዓ.ም. ላይ ለሚያየው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱ ግን ጊዜው ያለፈ ወይም ሊያልፍ የተቃረበ መሆኑ ነው።

ሐ. ስምና ማንነት። በኢትዮጵያ የቤተሰብ መጠሪያ ስም ስለሌለ በስምና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሰዎች በአንድ ክፍል ተኝተው መገኘታቸው የተለመደ ነው። አንዲት እናት በካርድ ላይ በአንድ ስም ተመዝግባ፣ ቤተሰቧ ግን በቤት ስሟ ሊጠራት ይችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ስም እስኪወጣለት ድረስ «የእገሊት ልጅ» እየተባለ ስለሚቆይ፣ በተለይ መንታ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱ ለየትኛው እንደታዘዘ መለየት ያስቸግራል። ደም በሚሰጥበት ጊዜ ይህ ዓይነቱ መምታታት ሕይወትን የሚያሳጣ ነው።

መ. የካርዱና የታካሚው ቋንቋ መለያየት። ሕመሙ የሚነገረው በአማርኛ ነው፤ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሕመምተኛው «ልቤን ወጋኝ» ሲል ሆዱን ወይም ደረቱን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያው በችኮላ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ግን የልብ ሕመም ሆኖ ይመዘገባል። ሕመምተኛውም በበኩሉ በካርዱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ «ይህ የእኔ አይደለም» ሊል አይችልም።

ሠ. ይሉኝታ። ነርሷ መጠኑ የበዛ መስሎ ሲሰማት ሐኪሙን መጠየቅ ታፍራለች። ጀማሪው ሐኪም በሌሊት ከፍተኛ ባለሙያ መቀስቀስ ድፍረት ይመስለዋል። አስታማሚው ደግሞ «አዋቂው እርሳቸው ናቸው» ብሎ ዝም ይላል። አክብሮት መልካም ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን በኦፕራሲዮን ክፍልና በተኝቶ ማከሚያ ክፍል አክብሮት ዝምታ ከሆነ ገዳይ ነው።

ረ. የሰው ኃይልና የቁሳቁስ እጥረት። ይህ ብዙ የተባለለት ጉዳይ በመሆኑ እዚህ ላይ አይዘረዘርም። ሆኖም የተለመደው መድኃኒት ሲጠፋ በሌላ ይዘት ወይም በሌላ ፋብሪካ ምርት መተካቱ ራሱን የቻለ አደጋ መሆኑ መታወቅ አለበት። በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የያዘ ጄንታማይሲን የለመደች ነርስ 40 ሚሊ ግራም የያዘው ሲመጣ በልማድ ያንኑ መጠን በሲሪንጅ ብትቀዳ፣ ሕፃኑ የሚወስደው መድኃኒት አራት እጥፍ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ጥናቶች የሚያመለክቱት

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት 398 የመድኃኒት ትእዛዞች በ209ኙ (52.5 በመቶ) ላይ የአስተዛዘዝ ስሕተት አግኝቷል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ደግሞ 82 ነርሶች 360 መድኃኒቶችን ሲሰጡ ተከታትሎ፣ የአሰጣጥ ስሕተቱን 56.4 በመቶ አድርጎታል።

እነዚህ ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ጥናቶቹ የቆጠሩት ከትክክለኛው አሠራር የተለየውን ሁሉ፣ የሰዓት መዛባትንና አለመመዝገብን ጨምሮ እንጂ በሕሙማን ላይ የደረሰን ጉዳት ብቻ አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የባሕር ዳሩ ጥናት ከስሕተቱ ጋር ተያይዘው ያገኛቸው ምክንያቶች ናቸው፤ የሥራ ልምድ ማነስ፣ አንድ ነርስ የምትከታተላቸው ሕሙማን መብዛት፣ መድኃኒት በመስጠት ላይ ሳለች በሌላ ጉዳይ መጠራት፣ የሌሊት ተረኝነት፣ እንዲሁም ታካሚው ሕፃን መሆኑ። አብዛኞቹ የሥራው አደረጃጀት ውጤቶች እንጂ የነርሷ ጠባይ አይደሉም።

የመከላከያ መንገዶች

1. ሰዓትና ቀን ሳያሻሙ መጻፍ። እያንዳንዱ ተቋም አንድ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር መርጦ በሁሉም ክፍሎች መጠቀም አለበት። በኢትዮጵያ ሰዓት ሲጻፍ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለው ቃል አይቀርም፤ ወር በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፋል፤ ዓመቱም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይባላል። በሪፈር ወረቀት ላይ ይህ በጥብቅ መከበር አለበት። ከላይ በቀረበው ምሳሌ «ከሌሊቱ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ቢጨመር እናቲቱን ከመንቀጥቀጥ ሊያድናት ይችል ነበር።

2. ማንነትን በሁለት መለያ ማረጋገጥ። መድኃኒት፣ ደም ወይም ቀዶ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ስም እስከ አያት፣ እንዲሁም የካርድ ቁጥር ይረጋገጣል። «አንቺ እገሊት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ የፈራ ወይም ጆሮው የደከመ ሕመምተኛ ሁሉንም «አዎን» ይላልና። «ስምሽ ማን ነው? የአባትሽስ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

3. የማዘዣ አጻጻፍን ማስተካከል። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፋል (0.5)፤ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ግን ነጥብና ዜሮ አይጻፍም፤ 5.0 ተብሎ የተጻፈው 50 ተብሎ ሊነበብ ይችላልና። የኢንሱሊን መጠን ሲታዘዝ «ዩኒት» የሚለው ቃል ሙሉ በሙሉ መጻፍ አለበት። ለሕፃናት ክብደቱና በኪሎ የተሰላው መጠን አብሮ ይጻፋል፤ ይህ ከሆነ ነርሷም የፋርማሲ ባለሙያውም ስሌቱን እንደገና ሊያመሳክሩ ይችላሉ።

4. አደገኛ መድኃኒቶችን መለየት። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ከሌሎች ብልቃጦች ጋር ተቀላቅሎ በተኝቶ ማከሚያ ክፍል መቀመጥ የለበትም። ማግኒዝየም ሰልፌት ከመሰጠቱ በፊት ሁልጊዜ አተነፋፈስ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ የጉልበት ምላሽ መኖሩና ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ ይረጋገጣል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በዚያው አልጋ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቆያል።

5. ርክክብን ሥርዓት ማስያዝ። ተረኛ ሲለወጥም ሆነ ሕመምተኛ ሲተላለፍ አራት ነገሮች በቅደም ተከተል ይነገራሉ፦ አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ያለፈው ታሪክና የተሰጠው ሕክምና፣ የባለሙያው ግምገማ፣ ከተረካቢው የሚጠበቀው ሥራ። በስልክ የተሰጠ ትእዛዝ ተጽፎ ለአዛዡ ተመልሶ ይነበብለታል። ጤና ጣቢያው አምቡላንሱ ሲነሣ ሆስፒታሉን በስልክ ቢያሳውቅ፣ ሦስተኛው መዘግየት የሚባለውን፣ ማለትም ተቋም ከደረሱ በኋላ የሚያጋጥመውን መዘግየት፣ ከመቀነሱም በላይ የመረጃ መዛባትን ያርማል።

6. የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው 19 ነጥቦች ያሉት ዝርዝር፣ የታንዛኒያዋን ኢፋካራ ጨምሮ በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ሌሎች ችግሮችን ከ11 ወደ 7 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ፕሮግራም ይህን አሠራር ያካተተ ነበር። ሆኖም በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ዝርዝሩ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ጉልህ ለውጥ አላገኘም። ከሁለቱ ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት፣ የሚያድነው የወረቀቱ ምልክት ሳይሆን ቀዶ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና ነርሷ ቆም ብለው መነጋገራቸው መሆኑ ነው።

7. መናገርን ማስለመድ። በጠዋት ስብሰባ ላይ ኃላፊው ራሱ «ትናንት እንዲህ ልሳሳት ነበር፤ እገሊት አስቆመችኝ» ብሎ ቢጀምር፣ ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል። አስታማሚንም መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው። የማያነቡ እናት እንኳ ልጃቸው መቼ እንደተወጋ፣ ምን ያህል እንደጠባ፣ መቼ እንደሸና ከማንም በላይ ያውቃሉ።

8. ከስሕተት የሚማር ሥርዓት። ኢትዮጵያ ለዚህ ከውጭ የምትዋሰው ብቻ ሳይሆን የራሷ ልምድም አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት፣ እያንዳንዱን የእናት ሞት ከቀበሌ እስከ ሆስፒታል ተከታትሎ «ማን ገደለ?» ሳይሆን «ለምን ሞተች? ምን ቢደረግ ትድን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ስም አይጠራም፤ ግን ምክንያት ይመዘገባል። ይህንኑ መንፈስ ለጥቂት ለተረፉ አጋጣሚዎች፣ ለመድኃኒት ስሕተቶችና ለአራስ ሕፃናት ሞት ማዋል፣ ከአንድ መዝገብ፣ ከአንድ ወርኃዊ ስብሰባና ከቁርጠኛ ኃላፊ በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ኃላፊነት፣ ሕግና ለቤተሰብ ማሳወቅ

ስሕተትን ከአሠራር አንጻር መመልከት ኃላፊነትን ማስቀረት አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ እንደ ሐኪም ያለ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሞት ሲያስከትል ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በገንዘብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ ሦስት ዓይነት ድርጊቶች ይለያሉ። ማንም ጠንቃቃ ባለሙያ በዚያ ሁኔታ ሊፈጽመው የሚችለው ስሕተት አሠራሩን በማረም ይታከማል። በልማድ የመጣ አቋራጭ መንገድ በምክርና በክትትል ይስተካከላል። አደጋውን እያወቀ የተዳፈረ ግን ይጠየቃል።

ለቤተሰብ ማሳወቅን በተመለከተ፣ ብዙ ሐኪሞች እውነቱን መናገር ክስን ይጋብዛል ብለው ይሠጋሉ። ነገር ግን መሸፈን ሐዘኑን ወደ ጥርጣሬ፣ ጥርጣሬውን ወደ ቂም ይለውጠዋል። ሕዝቡ ከስንት ዘመን ጀምሮ ጥፋትን የሚያበርደው በመቀበል፣ በይቅርታና በካሣ በመሆኑ፣ ግልጽነት ለባህሉ እንግዳ አይደለም። የሆነው ነገር በቶሎ፣ በከፍተኛው ኃላፊ ፊት፣ ቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ ይነገራል። የታወቀው ብቻ ይገለጻል፤ ያልታወቀው ተጣርቶ እንደሚነገር ቃል ይገባል፤ ቃሉም ይፈጸማል። ሐዘኑም ከልብ ይገለጻል።

በመጨረሻም የተሳሳተው ባለሙያ ራሱ ሁለተኛው ተጎጂ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ዉ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን ስያሜ የሰጠው፣ የተሳሳተ ሐኪም ብቻውን ተሸክሞት የሚኖረውን ጸጸት ለማመልከት ነበር። በትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ሸክም ይበልጥ ይከብዳል፤ ባለሙያው ከሟች ቤተሰብ ጋር በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በለቅሶ ቤት ይገናኛልና። ሥራውን ጥሎ የሚሄድ ወይም ከዚያ በኋላ ከባድ ሕመምተኛ ሁሉ እየፈራ ሪፈር የሚጽፍ ሐኪም ለሕዝቡ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ባልደረቦቹ ከጎኑ ሊቆሙ ይገባል።

ማጠቃለያ

ሐኪሞች የሥራ ብዛትንና የባለሙያ እጥረትን በመንስኤነት ማስቀደማቸው ተገቢ ነው። እነዚህ ግን በአንድ ዓመት የሚወገዱ አይደሉም። እስከዚያው ድረስ በእያንዳንዱ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ እጅ ያሉ ወንፊቶች አሉ፤ ሰዓትን ሳያሻሙ መጻፍ፣ ስምን እስከ አያት መጠየቅ፣ ትእዛዝን መልሶ ማንበብ፣ ሳይፈሩ መጠየቅ፣ ከስሕተት በኋላም «ማን?» ከማለት በፊት «ለምን?» ማለት። አንዳቸውም አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም። ዶሮ ሳይጮኽ የተወጋውን መርፌ የሚያውቁት አማት በሩ ላይ ቆመዋል፤ የሚጠበቀው ተረኛው ባለሙያ ዘወር ብሎ እንዲጠይቃቸው ነው።